አባቴን የሚያሰማ ስልክ

ግሩም ጀልባው ላይ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍ ከሩቅ ይታየኛል። እኔ ዳር ላይ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣ ማዳመጫ በጆሮዬ ሰክቼ ተቀምጫለሁ።

«ትሰሚኛለሽ?» ይለኛል በስልኩ።

እሰማዋለሁ። ከእሱ ሌላ ግን ምንም አልሰማም። እግሩ ሥር የሚያጓራው ሞተር የለም። ነፋሱ የለም። ወፎቹ ከጀልባው ኋላ እየተንጫጩ እንደሚከተሉት አውቃለሁ፤ እነሱም የሉም። ያን ዕለት ከሰዓት ሰማዩና ውኃው አንድ ዓይነት ቀለም ይዘው ስለነበር ጀልባው ሥር በሌለው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። ድምፁ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ርቀት፣ ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ እንደሚያወራ ሰው፣ ጥርት ብሎ ይመጣል። ነቅቼ ይሁን አሸልቤ ለራሴም ግራ ገባኝ። ጣናን የሚያህል ውኃ ጭጭ ብሎ አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራበት መስማት ያስፈራል፤ ደስም ይላል።

«እንዴት ነው?» አለ።

«እንደ ስምህ» አልኩት።

ሳቀ። ሳቁን ግን ሶፍትዌሩ ቆረጠበት፤ መጀመሪያውን አሰምቶኝ የቀረውን ዋጠው።

እኔ ኑሰይባ ነኝ፤ ሥራዬ ድምፅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ በማይርቅ የኪራይ ቤት፣ ጥቂት ሆነን ለርካሽ ስልኮች የሚሆን ስርዓተ ክወና እንሠራለን። ስሙን ታንኳ በሚሠራበት ተክል «ደንገል» ብለነዋል። ሰው ስልክ ሲባል የሚታየው መስታወቱ ነው። ከመስታወቱ ሥር፣ በማይክራፎኑና በፕሮግራሞቹ መካከል ግን አንድ ሶፍትዌር ተቀምጧል፤ የትኛው ድምፅ ይግባ፣ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስን በረኛ በሉት። እኛ የድምፅ ንብርብር እንለዋለን። ለዚህ በረኝነት ሁለት አመልካቾች ነበሩን። ስልካችን አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ሁለቱን አይሸከምም፤ አንዱን መምረጥ ነበረብን።

አንደኛውን «ሽማግሌው» ያለው ጥዑመ ልሳን ነው። ጥዑመ ልሳን የሥራ ባልደረባዬ፣ የዘጌ መሪጌታ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ አንድ ቃል ከአፉ ለማውጣት መለመን ያስፈልጋል። ሽማግሌው የቆየ ሶፍትዌር ነው። የመጣለትን ሁሉ ያስገባል፣ ሞተሩንም ወፉንም። ግን ቀርፋፋ ነው፤ እዚህ የተናገሩት እዚያ እስኪደርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ያልፋል። ሁለተኛዋ «ሙሽሪት» ናት። ፈጣን ናት፣ ባትሪ አትበላም፣ ንጽሕናዋ ደግሞ ለጉድ ነው፤ ንግግር የሚመስለውን ብቻ ለይታ ታስገባለች፣ ሌላውን ጠርጋ ትጥለዋለች። መጥረጉን ተይ ቢሏት አትሰማም፤ ፍጥነቷ የሚመጣው ከንግግር ሌላ ስለማትሸከም ነው።

ግሩም፣ የቡድናችን አለቃ፣ ሙሽሪትን ከወደዳት ቆይቷል። ስልኩን የሚገጣጥሙልን ሰዎችም ምርጫችንን እየጠበቁ ነበር። የጀልባው ሙከራ ለወግ ያህል ነው፤ እኔም እሷን ከመረጥን ወዲያ ስለምንሠራው ነገር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ያላሰብኩት አባቴን ነው።

አባቴ ሙሀመድዘይን ወረታ ነው የሚኖረው፤ ሩዝ ሲነግድ የኖረ ሰው ነው። አንድ ጧት ሱቁን ሊከፍት ሲል ወደቀ። እግሩ ተመለሰለት፤ ንግግሩ ግን አልተመለሰም። ውኃ ሲጠማው «ውኃ» ማለት ያቅተዋል። ስሜን መጥራት ያቅተዋል። ያልጠፋበት መንዙማ ብቻ ነው። ሐኪሙ «ዜማ አንጎል ውስጥ ከንግግር ሌላ ቦታ ነው የሚያድረው» ሲለን እናቴ ዘይነት «አልሐምዱሊላህ፣ ታዲያ እዚያው ይክረምልን» አለችው።

በመውሊዱም፣ መንዙማ እየተዜመ በሚታደርበት ሐድራም አባቴ የታወቀ ተቀባይ ነበር። አውጪው ስንኙን ያወጣል፣ ተቀባዮቹ አዝማቹን ይመልሱለታል። አሁን ቃሉ ሄዶ ዜማው ስለቀረ፣ አፉን ገጥሞ ያንጎራጉራል፤ በጣቶቹም የወንበሩን ክንድ እንደ ድቤ ይመታል። የእኔና የእሱ ወሬ በሙሉ ይኸው ነው። እኔ በስልክ አንድ ስንኝ አወጣለሁ፣ እሱ ይቀበለኛል። ደህና የዋለ ቀን ጫፉን ያረዝመዋል። ሲከፋው ያሳጥረዋል። ሲቆጣኝ ደግሞ ማንጎራጎሩን ትቶ ወንበሩን ብቻ ይደበድባል፤ ያኔ ሳልደውል የቆየሁበትን ምክንያት መደርደር አለብኝ። «ሴት ልጅ መንዙማ ታወጣለች እንዴ?» ያለ ዘመድ አልጠፋም። አባቱ የሚያናግረው ሰው ምን ያውቃል!

የወረታ መንገድ ሲከፈት ሲዘጋ ከርሟል፤ እንደ ልቤ ሄጄ አላየውም። በስልክ እንዳንገናኝ ደግሞ የዘመኑ ስልኮች ሁሉ ማንጎራጎሩን ጫጫታ ነው ብለው ይቆርጡታል። እሱን የሚያሰማ የእናቴ አሮጌ የቁልፍ ስልክ ብቻ ነበር፤ እሱም በቅርቡ ሞተ። ስለዚህ ከሙከራ ስልኮቻችን አንዱን፣ ሙሽሪት የተጫነችበትን፣ መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላክሁላቸው፤ የራሳችን ስልክ እንደ ሌሎቹ ይቆርጠዋል ብዬ አልጠረጠርኩም። ከአባቴ ጋር የማወራበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ተስፋዬ በሙሉ በዚያ ስልክ ነበር።

ግሩም ከጀልባው ሳይወርድ ወረታ ደወልኩ።

«ወይ የኔ ልጅ!» አለች እናቴ። «እንዴት ጥርት ብለሽ ተሰማሽኝ! ወላሂ፣ አጠገቤ የተቀመጥሽ ነው የመሰለኝ። ቆይ፣ አባትሽ ይኸውልሽ።»

አወጣሁ። ዝም። መስሎኝ ነው ብዬ እንደገና አወጣሁ። መስመሩ ባዶ ነበር። ከቤታችን ጎን ያለው፣ ቀኑን ሙሉ የማያርፈው የሩዝ መፈልፈያ እንኳ የለም።

«እማ፣ ለምን አይቀበለኝም? አሞታል?»

«እየተቀበለሽ ነው እንጂ! አትሰሚም እንዴ? እኔ ሰማሁት፣ ጎረቤት ይሰማዋል!»

«እኔ አልሰማሁም።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልሰማችህም፣ ሙሀመድዘይን» ስትለው ሰማሁ። ሙሽሪት ይህን አንድም ፊደል ሳታስቀር አደረሰችልኝ። ስልኩ ተዘጋ። የዘጋው እሱ እንደሆነ እናቴ በኋላ ነገረችኝ።

ማዳመጫውን ሳላወልቅ ከሾላው ግንድ ተደገፍኩ። ሙቀቱ ይሁን ሐዘኑ አላውቅም፣ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። በሕልሜ አባቴ የሩዝ ጆንያ በሞላ ታንኳ ላይ ተቀምጦ በደንገሉ መሐል ይሄዳል። ታንኳው ውኃውን አይነካም፤ ከውኃው በላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። በጣቶቹ ጆንያውን ይመታል፤ በመታው ቁጥር ሩዙ በቀዳዳው እየወጣ ሐይቁ ላይ ይፈስሳል፣ ነጭ፣ ብዙ፣ ምንም ድምፅ የሌለው። ዓሦቹ ይሰበሰባሉ፣ ደንገሉ በነፋስ ይተኛል ይነሣል፤ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ከዳር ሆኜ አወጣለሁ። አባቴ አፉን ገጥሞ፣ አንገቱ ላይ ሥሩ እስኪገተር ድረስ ይቀበለኛል፤ ለእኔ አይደርሰኝም። እሱ ግን የማይሰማው የእኔ ጆሮ መሆኑን አያውቅም። የተኮራረፍን መስሎት በቅሬታ እያየኝ ታንኳው ወሰደው።

ግሩም ትከሻዬን ሲነቀንቀኝ ነቃሁ። ማዳመጫውን ሳወልቅ ሐይቁ ከነወፎቹ፣ ከነሞተሩ፣ ከነልብስ አጣቢዎቹ ሳቅ ባንድ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ። ግሩም ፀሐዩ አሞኝ መስሎት ውኃ ሊያመጣልኝ ሮጠ።

ማታውን ለጥዑመ ልሳን ነገርኩት፤ በነጋታው ነገሩን ቢሮ ውስጥ አነሣሁት። ሳልቆጣ ልናገር አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«ይቺ ሙሽራችሁ አባቴን ሰው አይደለም አለችው!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

ግሩም ጥሩ ሰው ነው፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፣ እንደ ልብ ልጠላው አልቻልኩም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ገብቶኛል» አለ። «ለአባትሽ ስልክ ለብቻው ሽማግሌውን እንጭንላቸዋለን። ለሌላው ሰው ሙሽሪት ትሂድ። ይሻላል?»

ልቤ እሺ ሊል ነበር። ምን ይደበቃል፣ እኔ የምፈልገው አባቴን እንጂ የዓለሙን ድምፅ ሁሉ አይደለም። አፌን ስከፍት ጥዑመ ልሳን ምንም ሳይናገር ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በሙሽሪት የቀዳውን አሰማን። የማኅሌት ቅጂ ነው። ጸናጽሉ የለም። ከበሮው የለም። መዘምራኑ ቃሉን በዜማ ማርዘም ሲጀምሩ እነሱም ይጠፋሉ፤ አንድ ቃል ይሰማል፣ ከዚያ ባዶ፣ ደግሞ አንድ ቃል፣ ደግሞ ባዶ። ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆሙ ሰዎች በየተራ ከወለሉ በታች የሚሰምጡ መሰለኝ።

«ትናንት የነገርሽኝን ሰምቼ ሞከርሁት» አለ። «አባቴ ይህን ቢሰሙ ያለቅሳሉ።»

ለጥዑመ ልሳን ይህ ረጅም ንግግር ነው። እሺ ልል የነበረውን ዋጥኩት። እንደ አባቴ ቃል የጠፋበት ሰው በየቤቱ አለ፤ ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን አያቱ ጆሮ ላይ በስልክ የሚኮላተፍ አለ፤ ለእነሱ ለየብቻ የሚጭንላቸው ማን ነው?

«የምንሸጠው ስልክ እንጂ መቅረጸ ድምፅ አይደለም» አለ ግሩም፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዟል። «ሽማግሌውን ጠልቼው አይደለም። ይዘገያል! ሰው ‘ሄሎ’ ብሎ መልሱ ሲቆይበት እንደገና ‘ሄሎ’ ይላል። ያን ጊዜ የመጀመሪያው መልስ ይመጣል፣ ይጋጫሉ። ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ። ስልኩን ወርውሮ ይሰብረዋል። ለዚህስ ምን ትላላችሁ?»

እውነቱን ነው። መንዙማ ደግሞ ከወሬ ይብሳል። ተቀባይ ተቀባይ የሚባለው የአውጪው ድምፅ መሬት ሳይነካ ጫፉ ላይ ሲይዝለት ነው። ከዘገየ አዝማቹ ይሰበራል፣ ሰውም ይበተናል።

ግሩም መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆየና ተመለሰ። «እሺ፤ አባትሽ በሽማግሌው ከተቀበሉሽ ለሁሉም ስልክ ሽማግሌው ይሁን። ቅብብሉን የቻለ ንብርብር ወሬ አያቅተውም። ካልተቀበሉሽ ግን ሙሽሪትን እንልካለን። አንቺም አትቆጪም።»

«አልቆጣም» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

የወረታው ስልክ ላይ እዚሁ ሆነን፣ የእኔም ላይ፣ ሽማግሌውን ጫንን። መብራት ስለሄደ ቢሮው ታፍኗል፤ ሦስታችንም ወደ ሐይቁ ዳር ወጣን። ፀሐዩ ወደ ማዶ ዘንበል ብሏል። ከውኃው ላይ ቀጭን ጉም መሳይ ነገር ይነሣል፤ ደሴቶቹ አንዴ ይታያሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፈትኩት።

«እማ፣ ይሰማል?»

ቆየ።

«ይሰማል! ኧረ ምንድን ነው እንዲህ የሚንጫጫው?»

«ወፎቹ ናቸው፣ እማ። ሐይቁ ዳር ነን።»

እንደገና ቆየ። «ሙሀመድዘይን፣ ስማ፣ ጣና ናት! ውኃው ሁሉ ይሰማል!»

ከእሷ ኋላ የሩዝ መፈልፈያው መጣ። ያደግኩበት ድምፅ ነው፤ በእሱ ተኝቻለሁ፣ በእሱ ነቅቻለሁ፣ ትምህርቴን በእሱ ላይ እየጮህኩ አጥንቻለሁ። የሚከራከሩ ገበያተኞች መጡ፣ የአህያ ጩኸት መጣ፣ ከሁሉም ሥር የወንበር መንቀጥቀጥ። ወረታ በዚያች ቀዳዳ ወጥታ ውኃው ላይ ተዘረጋች። መፈልፈያው ሐይቁ መሐል ቆሞ የሚያጓራ፣ አባቴም እዚያው ጉሙ ውስጥ ወንበሩን አስቀምጦ የሚጠብቀኝ መሰለኝ።

አወጣሁ። ስንኙን ጨርሼ ጠበቅሁ። ምንም። አልቀበልም ያለኝ መሰለኝና ሁለተኛውን ጀመርኩ፤ ያኔ የአባቴ ድምፅ መጣ፣ የመጀመሪያውን እየተቀበለ። ተጋጨን። እሱ አቆመ፣ እኔም አቆምኩ። እንደገና አወጣሁ፤ እንደገና ዘግይቶ ገባ፣ እንደገና ተሰበረ። ወንበሩን መደብደብ ጀመረ። ግሩም ጫማውን ማየት ጀመረ። ጥዑመ ልሳን ዓይኑን ጨፍኗል።

«አባዬ» አልኩ። «አንተ አይደለህም። መስመሩ ነው የሚዘገየው። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ድብደባው ቆመ። መፈልፈያው ብቻ ቀረ። ሰማኝ አልሰማኝ የሚነግረኝ ነገር የለም። ተስፋ ሳይኖረኝ፣ ስልኩን ለመዝጋት አውራ ጣቴን አዘጋጅቼ፣ የመጨረሻ ነው ብዬ አወጣሁ። ስንኙን ጨረስኩ፤ መጨረሻው ከአፌ ሲወጣ የአባቴ ማንጎራጎር ጫፉ ላይ ያዘው። እዚያው ላይ። አንድ ፀጉር የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረውም። አብሮትም የእናቴ ቁጣ መጣ፤ «ቆይ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! መቼ ጨረሰችና ነው?»

እኔ ግን ጨርሼ ነበር።

ሌላ አወጣሁ፣ ያዘው። ሌላ አወጣሁ፣ ያዘው። እናቴ «አስጨርሳት!» እያለች ትጮኻለች፤ እሱ አይሰማትም። ወረታ ላይ ሆኖ፣ እኔ ገና ስንኙ መሐል ሳለሁ፣ ይጀምራል፤ መንገዱን ተጉዞ ባሕር ዳር ሲደርስ ልክ ጫፉ ላይ ይደርስልኛል። ይህን ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። በሐድራው አውጪዎቹ ሸምግለው ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር፤ ድምፃቸው ሲወድቅ ሰው እንዳይሰማባቸው ቀድሞ ገብቶ የሚይዝላቸው ተቀባይ ያስፈልጋል። አባቴ የዚያ ዓይነት ተቀባይ ነበር። እኔንም ትንፋሽ እንዳጠረው ሽማግሌ ቆጠረኝና ቀድሞ ገባልኝ።

«ሳትጨርሺ ነው የሚገቡት» አለ ግሩም በሹክሹክታ። ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። «ሽማግሌው ይሁን። ለሁሉም። ለገጣጣሚዎቹ እጽፍላቸዋለሁ።»

ጥዑመ ልሳን ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ መዘግየትን በመሣሪያ ለክቼ ጥፋት ነው እያልኩ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ለዘገየ ድምፅ ሰው መላ ያገኛል፤ ለተጠረገ ድምፅ ግን አባቴም ምንም መላ አልነበረውም። ደስታዬ ስልኩን አስጨብጦ አስቀረኝ።

ስንኝ ማውጣቴን ተውኩ፤ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን አልበቃውም። መፈልፈያው ከወዲያ እያጓራ፣ ወፎቹ ከወዲህ እየተንጫጩ፣ በመሐላቸው አንድ ዜማ ተነሣ። አዝማቹ አይደለም። ከአዝማቹ በፊት የሚመጣው፣ ሽቅብ የሚወጣው፣ የአውጪው ዜማ ነው። ቃል የለውም፤ የትኛው መንዙማ እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅኩት። አባቴ ሲያወጣ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። በደህናውም ጊዜ፣ አፉ በቃል ሞልቶ በነበረበት ጊዜም።

ጨረሰ። ተራው የእኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ለቅሶው ቀድሞኝ ወጣ። ጉሙ ደሴቶቹን ሸፍኗቸዋል፤ ውኃው ዳሩን ቀስ እያለ ይመታል። አባቴ ግን ወንበሩን አልደበደበም።

«ተቀበይው እንጂ፣ ልጄ» አለች እናቴ። «እየጠበቀሽ ነው።»